የቆየ የመሣሪያ ሣጥን የመሳቢያ ሐዲድ፦ ጥገና፣ ምትክና የሸክም መንገድ በአዊ ዞን ወርክሾፖች ዐውድ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ባለ መሳቢያ የብረት መሣሪያ ሣጥን፣ አካሉ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ የመሳቢያዎቹ ሐዲዶች ሲነክሱ ወይም ሲወልቁ ከአገልግሎት ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የሐዲዱን አሠራር፣ በላዩ የሚያርፈውን ሸክምና የአካባቢውን አየር ጠባይ መነሻ አድርጎ፣ ሐዲዱ መቼ እንደሚጠገን፣ መቼ እንደሚተካና በምን እንደሚተካ ያብራራል። ዋና መከራከሪያው፣ የነከሰ መሳቢያ የአንድ ዕቃ ብልሽት ብቻ ሳይሆን የሸክም፣ የሣጥን ቅርጽና የአጣበቅ ጉድለት ምልክት በመሆኑ፣ መንስኤው ሳይለይ የሚገባ አዲስ ሐዲድም በአጭር ጊዜ ይበላሻል የሚል ነው። ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ሐዲድ በግማሽ መንገድ የሚቆመውን ሲተካ የሣጥኑ የመገልበጥ አደጋ እንደሚጨምርም በስሌት ይታያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመሳቢያ ሐዲድ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ጥገና፣ ዝገት፣ የወርክሾፕ ደኅንነት

1. መግቢያ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ፣ የብረታ ብረት ሥራና የተሽከርካሪ ጥገና በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች፣ በጋራዦችና በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ይካሄዳል። በእነዚህ ወርክሾፖች ውስጥ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ሊማና መለኪያ የሚቀመጡበት ሣጥን ተራ የቤት ዕቃ አይደለም። በጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ፋብሪካዎች የሙከራ ሥራው የተጀመረው፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የካይዘን አሠራር ከሚያስተምራቸው አምስት «ማ»ዎች ሁለተኛው «ማስቀመጥ» ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የታወቀ ቦታ እንዲኖረው፣ ተወስዶም ወደዚያው እንዲመለስ ይጠይቃል። መሳቢያው የማይከፈት ሣጥን ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ያፈርሳል። መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ይበተናል፤ ሠልጣኙ ከሥራው ይልቅ በፍለጋ ጊዜውን ያጠፋል፤ የጎደለ ዕቃም ሳይታወቅ ይቆያል።

ችግሩ በአቅርቦት በኩልም ይከብዳል። ባለ ኳስ ሐዲድ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት ዐቅም በመቀነሱ፣ ከውጭ የሚገባን ትንሽ ዕቃ መግዛትም ቀላል ውሳኔ አልሆነም። የአንድ አሮጌ ሣጥን አምራች ለዚያ ሞዴል ብቻ የሠራውን ሐዲድ ከሃርድዌር ሱቅ ማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው «የት ይገዛል?» ከሚለው በፊት «በእርግጥ የተበላሸው ምንድን ነው?» ከሚለው ይጀምራል።

2. የሐዲዱ ዓይነቶችና አሠራር

በመሣሪያ ሣጥኖች ላይ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ሐዲዶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ተንሸራታች ሐዲድ ነው። አንድ የታጠፈ ላሜራ በሌላ የታጠፈ ላሜራ ውስጥ፣ ብረት በብረት ላይ እየተፋተገ ይሄዳል። ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን መሳቢያውን እስከ መጨረሻው አያወጣም። ሁለተኛው ባለ ኳስ ሐዲድ ነው። ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር የሚያያዝ ውጫዊ ክፍል፣ ከመሳቢያው ጎን ጋር የሚያያዝ ውስጣዊ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ በሚወጣው ዓይነት ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ሦስተኛ ክፍል አለው። በክፍሎቹ መካከል በማቀፊያ የተደረደሩ ትንንሽ የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ።

የሁለቱን ልዩነት አንድ ምሳሌ ያሳያል። ከነዕቃው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሳቢያ ክብደቱ ወደ 392 ኒውተን ነው። ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲንሸራተት የሰበቃ መጠኑ 0.6 ነው ቢባል፣ መሳቢያውን ለማንቀሳቀስ ወደ 235 ኒውተን ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህም 24 ኪሎ ግራም ከማንሳት ጋር ይቀራረባል። በቅባት መጠኑ ወደ 0.15 ቢወርድ ጉልበቱ 59 ኒውተን ይሆናል። ንጹሕ ኳስ በንጹሕ መንገድ ላይ ሲሽከረከር ግን መጠኑ 0.005 አካባቢ ስለሆነ፣ በመርሕ ደረጃ 2 ኒውተን ይበቃል። በተግባር ቆሻሻና የአገጣጠም ጉድለት ይህን ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሆንም በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

ስለ ኳስ ማቀፊያው አንድ ነጥብ መታወቅ አለበት። ማቀፊያው የሚሄደው መሳቢያው ከሚሄደው ርቀት ግማሹን ብቻ ነው። መሳቢያው ሁልጊዜ በጥቂቱ ብቻ እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ ማቀፊያው ቀስ በቀስ ከቦታው ይንሸራተትና መሳቢያው ሳያልቅ የሚቆም ይመስላል። ይህ ስብራት አይደለም። መሳቢያውን ባዶ አድርጎ እስከ መጨረሻው በልበ ሙሉነት መሳብና መልሶ እስከ ውስጥ መግፋት ማቀፊያውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የተበላሸ ተብሎ ሊጣል የነበረ ሐዲድ በዚህ ብቻ የሚድንበት ጊዜ አለ።

3. ሸክሙ የሚሄድበት መንገድ

መሳቢያው ሲዘጋ ክብደቱ በሐዲዱ ርዝመት ሁሉ ይከፋፈላል። ሲወጣ ግን በአንድ ጫፍ ብቻ እንደተያዘ ምሰሶ ይሆናል። ርዝመቱ 400 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም የሆነ መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ የክብደቱ ማዕከል ከሣጥኑ ፊት 200 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ጎን 196 ኒውተን ይሸከማል። ውጫዊው ክፍል ከግድግዳው ጋር የተያያዘው ከፊት ጠርዝ 30 ሚሊ ሜትር ላይ ባለ አንድ ሪቬትና ከእሱ 340 ሚሊ ሜትር ርቆ ባለ ሌላ ሪቬት ነው እንበል። በፊተኛው ሪቬት ዙሪያ የሚፈጠረው የማዞር ኃይል ወደ 45 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የኋላው ሪቬት በ133 ኒውተን ይቋቋመዋል፤ የፊተኛው ግን 196 ብቻ ሳይሆን 329 ኒውተን ይሸከማል።

የኋላው ሪቬት ቢበጠስና ሸክሙ በመካከል፣ ከፊተኛው 170 ሚሊ ሜትር ርቆ ወዳለው ቢዞር፣ ያ ሪቬት 265፣ የፊተኛው ደግሞ 461 ኒውተን ይደርስበታል። አንድ ሪቬት በመጥፋቱ የቀሩት ላይ ያለው ጫና በዚህ መጠን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የሰፋ ቀዳዳ፣ የተጣመመ ላሜራና ከመሥመሩ የወጣ ኳስ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት፣ ማለትም የነከሰውን ሐዲድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከኋላ በማይታይ ቦታ የጠፋው ሪቬት ነበር።

4. የአካባቢው አየር ጠባይ

በዳንግላ ወረዳ ዓመታዊው ዝናብ ወደ 1600 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይዘንባል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ያልተሸፈነ ብረት በፍጥነት መዛግ ይጀምራል፤ የክረምቱ ወራት ደግሞ ከዚህ ወሰን በላይ የሚውሉባቸው ቀናት የሚበዙበት ጊዜ ነው። ሣጥኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ በሩ ለዝናብ ንፋስ በተከፈተ ወርክሾፕ ውስጥ ሲቆም ሌሊት የሚቀዘቅዘው ብረት ጠዋት ላብ ይይዛል።

ዝገት በሐዲድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሣጥኑ አካል ላይ ከሚያደርሰው የተለየ ነው። ብረት ወደ ዝገት ሲለወጥ ይዘቱ ከ2 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ይህ የቀለም መላጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በኳሱና በመንገዱ መካከል ግን ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ የሰፋው ዝገት ኳሱን ያቆመዋል። መሽከርከር ያቆመ ኳስ መንገዱን ይፍቃል፤ ከዚያ በኋላ ባለ ኳሱ ሐዲድ ከተንሸራታቹ የባሰ ይሆናል። በበጋ ወራት ደግሞ ቀዩ የአፈር ብናኝ በወፍራም ግራሶ ላይ ተለጥፎ እንደ ሞረድ ይሠራል። በክረምት ዝገትን ለመከላከል በብዛት የተቀባው ግራሶ በበጋ ራሱ ጉዳት ያስከትላል ማለት ነው።

5. ምርመራ

ምርመራው ከሸክሙ ተነሥቶ ወደ ሐዲዱ ቢሄድ ይመረጣል። የመጀመሪያው እርምጃ መሳቢያውን ከነዕቃው መመዘን ነው። ቀጥሎ በመንጠቆ ሚዛን እጀታውን በቀጥታ ወደ ፊት ስቦ የሚያስፈልገውን ጉልበት መመዝገብ ይገባል። በ40 ኪሎ ግራም መሳቢያ ላይ ሚዛኑ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ቢያሳይ፣ ባለ ኳሱ ሐዲድ ከተቀባ ተንሸራታች ሐዲድ ያነሰ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ይህ ቁጥር ከጥገናው በኋላ ለሚደረገው ንጽጽርም መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው እርምጃ መሳቢያውን ባዶ አድርጎ መሞከር ነው። ባዶውን በቀላሉ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ከመጠን ያለፈ ሸክም ወይም የላላ አጣበቅ ነው። ባዶውንም የሚነክስ ከሆነ ሦስተኛው እርምጃ ይከተላል፦ የመሳቢያውን ሁለት ሰያፍ ርዝመቶች መለካት። ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ መሳቢያው ራሱ ተጣሟል፤ በሞርሳና በመዶሻ ሳይቀና ሐዲድ መለወጥ ከንቱ ነው። የሣጥኑ የፊትና የኋላ የውስጥ ስፋትም መነጻጸር አለበት፤ ከመኪና ላይ ሲወርድ የወደቀ ሣጥን ብዙ ጊዜ ከኋላ ይጠብባል። አራተኛው እርምጃ እያንዳንዱን ሪቬትና ብሎን በካቻቢቴ ጫፍ ነካክቶ መሞከር ነው። ሐዲዱ ራሱ የሚመረመረው በአምስተኛ ደረጃ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ በብርሃን ሥር ነው።

6. ጥገና

ሐዲዱ መንገዱ ካልተሰነጠቀ፣ ካልተጣመመና በኳስ ካልተፋቀ ይጠገናል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ቆሻሻው በብሩሽ ይወጣል። ቤንዚን ተን አውጥቶ በፍጥነት ስለሚቀጣጠል ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ቀላል ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለቀቃል፤ መንገዱን በሊማ መሞረድ ግን የኳሱን መቀመጫ ያበላሻል። ሐዲዱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀጭን ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ትርፉም በጨርቅ ይጠረጋል። ቀጭኑ ዘይት ቶሎ ስለሚጠፋ ከክረምቱ በፊትና ከክረምቱ በኋላ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ መደገም አለበት።

የጠፉ ኳሶችን መተካት ይቻላል። የቀሩት ኳሶች በካሊፐር ተለክተው፣ ከብስክሌት ኩሽኔታ የሚወጡ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ካሉ ይገባሉ። ልክ እኩል መሆናቸው የግድ ነው። ከሌሎቹ በጥቂቱ የሚበልጥ አንድ ኳስ የሁሉንም ሸክም ለብቻው ይይዝና መንገዱን ይወጋል። ትንሽ የሚያንስ ኳስ ማስገባት ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሸክም ግን አይሸከምም።

የተላቀቀን ሐዲድ በብየዳ ከግድግዳ ጋር ማያያዝ ቀላል መስሎ የሚታይ መፍትሔ ነው፤ በሦስት ምክንያት ግን መወገድ አለበት። ሙቀቱ ቀጭኑን ብረት ያጣምመዋል። የብየዳው ፍንጣሪ በኳሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሐዲዶች አብዛኛውን ጊዜ በዚንክ የተለበጡ ስለሆኑ ደግሞ ሲበየዱ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ለበያጁ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ሕመም ያስከትላል።

7. ምትክ፦ አራቱ መለኪያዎች

ሐዲዱ ከጥገና ያለፈ ሲሆን፣ የሣጥኑ አምራች የሠራውን ባያገኙም አራት መለኪያዎች ከተሟሉ ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ባለ ኳስ ሐዲድ ሊተካው ይችላል።

ርዝመት፦ ሐዲዱ ተዘግቶ ይለካል። በገበያ የተለመዱት ርዝመቶች በ50 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከ250 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ይሄዳሉ። ትክክለኛው ካልተገኘ የሚያጥረውን መምረጥ ይገባል፤ የሚረዝመው መሳቢያው እንዳይዘጋ ያደርጋል።

የጎን ክፍተት፦ የተለመደው ባለ ኳስ ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ የመሳቢያው ስፋት ከሣጥኑ የውስጥ ስፋት በ25.4 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ክፍተቱ ከዚህ ከጠበበ ሐዲዱ ይነክሳል፤ ከሰፋ ደግሞ በሮንዴላ ወይም በቀጭን ላሜራ መሙላት ይቻላል። አሮጌው ተንሸራታች ሐዲድ ከ12.7 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ሆኖ ከተገኘ፣ መሳቢያውን ሳያጠቡ ባለ ኳስ ማስገባት አይቻልም።

የመሸከም ዐቅም፦ 45 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላለው የተለመደ ሐዲድ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ዐቅም ለአንድ ጥንድ 45 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ለጥንዱ እንጂ ለአንዱ ጎን አለመሆኑ መታወስ አለበት።

አጣበቅ፦ ብዙ የመሣሪያ ሣጥኖች ሐዲዳቸውን የሚይዙት ከግድግዳው ላሜራ በተቆረጠ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ መንጠቆ ነው። የቤት ዕቃው ሐዲድ መንጠቆ ስለሌለው አዲስ ቀዳዳ በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል። የሣጥኑ ላሜራ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጭን ከሆነ፣ ጥርሱ በ0.7 ሚሊ ሜትር የሚደጋገመው 4 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚይዘው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኑ በላሜራው ላይ እንዲነክስ ከመተማመን ይልቅ ከጀርባው ዳዶና ሮንዴላ ማድረግ፣ ወይም ሪቬት መጠቀም ይገባል። በሐዲዱ ውስጥ የሚቀረው ጭንቅላት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ የወጣ ጭንቅላት የኳስ ማቀፊያውን ይገታል።

አንዱ ጎን ብቻ ቢበላሽም ሁለቱም ጎኖች አብረው ይለወጣሉ። የሰበቃ መጠናቸው የማይመጣጠን ሁለት ጎኖች መሳቢያውን ወደ አንድ ወገን ያጣምሙታልና። አዲስ መግዛት ባልተቻለበት ደግሞ ሁለት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ከተወገደ የብረት ፋይል ካቢኔት ሐዲዱን ማውጣት ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንደሚታየው፣ ከአሮጌ ብረት ጠቃሚውን ክፍል ለይቶ ወደ አገልግሎት መመለስ በአገሪቱ የቆየ ሙያ ነው። ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ ማሸጋሸግ ነው። ስፋታቸውና አጣበቃቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ መሳቢያዎች መካከል ብዙም የማያገለግለውን መሳቢያ ሐዲድ ለከባዱ መስጠትና፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ክፍት መደርደሪያ ማድረግ ይቻላል።

8. በአካባቢው የሚሠራ ሐዲድ

ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ለማይበልጥ መሳቢያ፣ ማጠፊያ ማሽን ያለው ማንኛውም የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተንሸራታች ሐዲድ ሊሠራ ይችላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሦስት ጎን ታጥፎ ከሣጥኑ ጋር ይያያዛል፤ ከመሳቢያው ጎን የሚወጣ የታጠፈ ጠርዝ በውስጡ ይሄዳል። ብረት ብረትን እንዳይነካ ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ የፕላስቲክ ማሰሪያ በመንገዱ ላይ ይነጠፋል። የጀሪካን ፕላስቲክ በብረት ላይ ያለው የሰበቃ መጠን ያለ ቅባት ከ0.2 እስከ 0.3 ስለሚሆን፣ 20 ኪሎ ግራም መሳቢያን ለመሳብ 50 ኒውተን አካባቢ ይበቃል። አይዝግም፤ ቅባት ስለማይፈልግም ብናኝ አይሰበስብም። የቤት ዕቃ አናጺዎች የእንጨት መሳቢያን መንገድ በሰም የሚያሹበት ልማድ በዚሁ መርሕ ላይ የቆመ ነው። መሳቢያው ተጎትቶ እንዳይወድቅ ግን ከመጨረሻው ላይ ማቆሚያ መኖሩ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

9. ምትኩ የሚያመጣው አደጋ

ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ሐዲድ ማስገባት መሻሻል ተደርጎ ይወሰዳል፤ በደኅንነት በኩል ግን ዋጋ አለው። መሳቢያው ሲወጣ የቀረው የሣጥኑ አካል 45 ኪሎ ግራም፣ ጥልቀቱ 400 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ጎማዎቹም ከፊት ጠርዙ 40 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው እንበል። አካሉ ወደ ኋላ የሚይዝበት ክንድ 160 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው ሐዲድ መሳቢያውን 300 ሚሊ ሜትር ብቻ ያወጣ ከነበረ የመሳቢያው ማዕከል ከጎማው 140 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ሣጥኑ ሳይገለበጥ የሚችለው መሳቢያ እስከ 51 ኪሎ ግራም ነው። አዲሱ ሐዲድ 400 ሚሊ ሜትር ቢያወጣው ርቀቱ 240 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሚችለውም 30 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ሐዲዱ 45 ኪሎ ግራም የመሸከም ዐቅም እንዳለው ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ ይችላል፤ ሣጥኑ ግን አይችልም። ትናንት በደኅና ይከፈት የነበረው 40 ኪሎ ግራም መሳቢያ ከ«መሻሻሉ» በኋላ ሣጥኑን በሠልጣኙ እግር ላይ ሊጥለው ይችላል። ሁለት መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ወሰኑ ይበልጥ ይወርዳል። ስለሆነም ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ሐዲድ የሚገባበት ሣጥን ከግድግዳ ጋር መታሰር፣ ወይም ከባድ ዕቃው በዝቅተኛዎቹና ሐዲዳቸው ባልተለወጠ መሳቢያዎች ውስጥ መቀመጥ አለበት።

10. ማጠቃለያ

የመሳቢያ ሐዲድ ብልሽት ከሸክም፣ ከመሳቢያው ቅርጽ፣ ከአጣበቅና ከአየር ጠባይ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ምርመራው ከመመዘን ተጀምሮ ወደ ሐዲዱ ሲሄድ፣ በቂ ጥገና የሚያድነውና የግድ መተካት ያለበት ይለያል። ምትክ ሲገባ ርዝመት፣ የጎን ክፍተት፣ የመሸከም ዐቅምና አጣበቅ አብረው ይታያሉ፤ የሐዲዱ ዐቅም ብቻ ሳይሆን የሣጥኑ የመገልበጥ ወሰንም ይሰላል።

ለማሠልጠኛ ተቋማት ከዚህ የሚከተል አንድ ቀላል አሠራር አለ። ለእያንዳንዱ ሣጥን የመሳቢያዎቹን ርዝመት፣ የውስጥ ስፋት፣ የተፈቀደ ክብደትና በመንጠቆ ሚዛን የተለካውን የመሳቢያ ጉልበት የያዘ ካርድ ይዘጋጅለት። ልኬቱ ከክረምቱ በፊትና በኋላ ቢወሰድ ዝገቱ ኳሱን ከማቆሙ አስቀድሞ ይታወቃል። በተለያዩ ወርክሾፖች የሚሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ካርዶች የቀጭን ዘይት፣ የግራሶና የጀሪካን ፕላስቲክን ቆይታ በአካባቢው ሁኔታ ለማነጻጸር የሚያበቃ መረጃ ይሆናሉ፤ ለድኅረ ምረቃ ጥናትም ወጪው አነስተኛ የሆነ ርእስ ነው።